ሦስተኛውም ሠንጠረዥ ስም ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ዳታቤዝ ዝምድናዎች ያወጣውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አንብበነዋል። የአንድ ለብዙ ዝምድና (የአንዱ ሠንጠረዥ አንድ ረድፍ ከሌላው ብዙ ረድፎች ጋር ሲገናኝ) በሚገባ ተብራርቷል፤ በዚያ ላይ የምንጨምረው የለንም። የብዙ ለብዙ ዝምድና ላይ ሲደርስ ግን ጸሐፊው ቸኮል ብለዋል። ሞዴሉ (ሠንጠረዡን በኮድ የሚገልጸው ክፍል) ላይ አንድ መስመር ይጨመር፣ ቀሪውን ፍሬምወርኩ (ለዌብ ሥራ የተዘጋጀው የኮድ ማዕቀፍ) ይጨርሰዋል በሚል መንፈስ ነገሩ በአጭሩ ተዘግቷል። ፍሬምወርኩ የሚጨርሰው ግማሹን ነው። የቀረው ግማሽ የሚታየው ደግሞ ሥርዓቱ ሥራ ጀምሮ መረጃ ከተጠራቀመበት በኋላ ነው።

የብዙ ለብዙ ዝምድናን ለማየት በምሳሌ እንነሣ። አንድ ተማሪ ብዙ ኮርስ ይወስዳል፤ አንድን ኮርስ ደግሞ ብዙ ተማሪ ይወስደዋል። በተማሪው ሠንጠረዥ ላይ «ኮርስ» የሚል ዓምድ ብንጨምር አንድ ኮርስ ብቻ ይይዛል፤ በኮርሱ ሠንጠረዥ ላይ «ተማሪ» የሚል ዓምድ ብናደርግም የሚይዘው አንድ ተማሪ ነው። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ካቀረበው የሪሌሽናል ሞዴል (መረጃን በሠንጠረዦች የማደራጀት ሐሳብ) ጀምሮ ደንቡ ይኸው ነው፤ ረድፍና ዓምድ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ የሚገባው አንድ ዋጋ ነው።

ይህን ለማምለጥ ብዙ ጀማሪዎች የሚሄዱበት አቋራጭ አለ። በተማሪው ረድፍ ላይ የኮርሶቹን መለያ ቁጥር በነጠላ ሰረዝ እያያዙ «1፣ 11፣ 21» ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ ኮርስ ቁጥር 1ን የሚወስዱትን በ«ላይክ» (በጽሑፍ ውስጥ ያለን ቁራጭ በሚፈልገው ትእዛዝ) ሲፈልጉ 11ን እና 21ን ብቻ የሚወስዱትም አብረው ይመጣሉ። ኮርስ 11 ቢሰረዝ ቁጥሩ በጽሑፉ መካከል ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ዳታቤዙ ያ ጽሑፍ የኮርስ መለያ መሆኑን ስለማያውቅ አይከለክልም። ሁለት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ለአንድ ተማሪ ኮርስ ቢጨምሩ ደግሞ ሁለቱም አሮጌውን ዝርዝር አንብበው አዲሱን ስለሚጽፉ የኋለኛው የፊተኛውን ይውጠዋል። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ አሬይ (የዋጋዎች ዝርዝር የሚይዝ የዓምድ ዓይነት) መጠቀም የፍለጋውን ችግር ያቃልላል። በአሬይ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ቁጥር ፎሪን ኪይ (ቁጥሩ በሌላ ሠንጠረዥ ያለ ረድፍ መለያ መሆኑን ዳታቤዙ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ማሰሪያ) ማሰር ግን ስለማይቻል የተሰንቃሪው ቁጥር ችግር ባለበት ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ ሠንጠረዥ የግድ ነው። ተማሪ 7 ኮርስ 12ን ሲወስድ በሦስተኛው ሠንጠረዥ «7፣ 12» የሚል አንድ ረድፍ ይገባል፤ ሲተወው ያ ረድፍ ይሰረዛል። የተማሪውና የኮርሱ ሠንጠረዥ አይነኩም። ጽሑፋችሁ እስከዚህ ድረስ ከእኛ ጋር ይስማማል። ልዩነታችን የሚጀምረው ይህን ሠንጠረዥ ማን ይሥራው፣ ማንስ ስም ያውጣለት በሚለው ላይ ነው።

ጃንጎ በሚባለው ፍሬምወርክ በተማሪው ሞዴል ላይ «ሜኒ ቱ ሜኒ ፊልድ» የሚል አንድ መስመር ሲጻፍ ፍሬምወርኩ ሠንጠረዡን ራሱ ይፈጥራል። በውስጡ የራሱ መለያ ቁጥር፣ ወደ ተማሪውና ወደ ኮርሱ የሚያመለክቱ ሁለት ፎሪን ኪዮች፣ እንዲሁም አንድ ጥንድ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል የዩኒክ ገደብ ይኖራል። ላራቬልና ሬይልስ የሚባሉት ፍሬምወርኮች ግን ሠንጠረዡን ባለሙያው በማይግሬሽን (የዳታቤዙን ቅርጽ በሚለውጥ የኮድ ፋይል) እንዲሠራው ይጠብቃሉ፤ ስሙን በልማድ ይገምቱታል። ላራቬል የሁለቱን ሞዴሎች ነጠላ ስም፣ ሬይልስ የሁለቱን ሠንጠረዦች ብዙ ቁጥር ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ቅደም ተከተል ይደረድራል። «ኮርስ» ከ«ስቱደንት» ይቀድማል ማለት ነው። አገላብጦ የሰየመ ሰው ሠንጠረዡ አልተገኘም የሚል ስሕተት ይጠብቀዋል። ይህ ቀላሉ ችግር ነው፤ ወዲያው ይታያልና።

ከባዱ የሚመጣው አንድ ቀን የተማሪው ውጤት የት ይጻፍ የሚል ጥያቄ ሲነሣ ነው። ውጤቱ የተማሪው አይደለም፤ ተማሪው ብዙ ውጤት አለው። የኮርሱም አይደለም፤ በኮርሱ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ያገኛል። ውጤቱ የሁለቱ መገናኘት ነው። የተመዘገበበት ቀን፣ ያስመዘገበው ሠራተኛ፣ የክፍያው ሁኔታ፣ ሁሉም እንዲሁ። ፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 የኢንቲቲ ሪሌሽንሺፕ ሞዴልን (የነገሮችንና የዝምድናቸውን ሞዴል) ሲያቀርብ ዝምድና ራሱ የራሱ ባሕርያት ሊኖሩት እንደሚችሉ በግልጽ አስቀምጧል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አንድ መስመር የሚጽፍ ሰው ግን በቀላሉ ይረሳዋል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ነገር በዕለት ንግግር ስም ካለው ሞዴል ይሁን። ተማሪንና ኮርስን የሚያገናኘው «ምዝገባ» ነው። ሠራተኛንና ፕሮጀክትን የሚያገናኘው «ምደባ» ነው። ትእዛዝንና ዕቃን የሚያገናኘው ትእዛዙ ውስጥ ያለው መስመር ነው፤ ብዛትና በዕለቱ የነበረ ዋጋ አለው። ስም ካለው ዛሬ ባይሆን ነገ የራሱ መረጃ ይኖረዋል። መጽሐፍንና ደራሲን የሚያገናኘው እንኳ፣ ምንም የማይጨምር ቢመስልም፣ በሽፋኑ ላይ የማን ስም ይቅደም በሚለው ጥያቄ ምክንያት የቅደም ተከተል ቁጥር ይፈልጋል።

በጃንጎ ይህ የሚደረገው «ምዝገባ» የሚባል ሞዴል ጽፎ፣ ሁለት ፎሪን ኪይ ሰጥቶ፣ ሜኒ ቱ ሜኒ ፊልዱን በ«ትሩ» («በኩል» ማለት ነው) ወደ እርሱ በማመልከት ነው። በሬይልስ «ሃዝ ሜኒ ትሩ» ይባላል፤ በላራቬል በፒቮት ሠንጠረዡ (በሦስተኛው ሠንጠረዥ) ላይ ዓምድ ጨምሮ «ዊዝ ፒቮት» ብሎ ዓምዱን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ካልተጠራ ዓምዱ በዳታቤዙ ውስጥ ቢኖርም ፒቮቱ ላይ ሁለቱ ቁልፎች ብቻ ይታያሉ፤ ውጤቱ ጠፋ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ጃንጎ እስከ 2.1 እትም ድረስ በ«ትሩ» በተሠራ ዝምድና ላይ «አድ» (መጨመር) እና «ሴት» (ዝርዝሩን በሙሉ መተካት) የሚሉትን አቋራጮች አይፈቅድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከ2.2 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ተጨማሪዎቹ ዓምዶች በ«ትሩ ዲፎልትስ» ይሰጣሉ። ስለዚህ «ትሩ» ያስቸግራል የሚለው የቆየ ወቀሳ ጊዜው አልፎበታል።

በአንድ መስመር ተጀምሮ መረጃ ከገባበት በኋላ ወደ «ትሩ» መዞር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጃንጎ እንዲህ ያለውን ለውጥ በተራ ማይግሬሽን አያደርገውም። ሜኒ ቱ ሜኒ ፊልድ ላይ «ትሩ» መጨመርም ሆነ መቀነስ አይቻልም የሚል ስሕተት ይጥላል። ስሕተቱን ያየ ሰው ፊልዱን አጥፍቶ በአዲስ መልክ መጻፍ ይቀናዋል፤ ማይግሬሽኑም ያለ ምንም ቅሬታ ያልፋል። ፊልዱ ሲጠፋ ሠንጠረዡም አብሮ ስለሚጠፋ ግን እስከዚያ ቀን የተመዘገበው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ ረዘም ይላል። በመጀመሪያ «ምዝገባ» ሞዴል ሁለቱን ፎሪን ኪዮች ብቻ ይዞ ይጻፋል፤ ሜታው (የሞዴሉ ቅንብር የሚጻፍበት ክፍል) ውስጥ የሠንጠረዡ ስም ፍሬምወርኩ ቀድሞ ከፈጠረው ስም ጋር አንድ ይደረጋል፤ የዓምዶቹ ስምም እንዲሁ። የነበረው የዩኒክ ገደብ በሞዴሉ ላይ ይጻፋል። ከዚያ የሚፈጠረው ማይግሬሽን በእጅ ይስተካከላል። ሞዴሉን የሚፈጥረውና ፊልዱን የሚለውጠው ሥራ «ሴፓሬት ዳታቤዝ ኤንድ ስቴት» በሚባለው ውስጥ በስቴት (ፍሬምወርኩ ስለ ሞዴሎቹ በሚይዘው መዝገብ) በኩል ብቻ ይገባል፤ በዳታቤዙ በኩል ባዶ ይተዋል። ፍሬምወርኩ ሞዴሉ እንዳለ ያውቃል፣ ሠንጠረዡን ግን አይነካም። «ውጤት» የሚለው ዓምድ የሚጨመረው በሚቀጥለው ማይግሬሽን ነው፤ አሮጌዎቹ ረድፎች ውጤት የላቸውምና ባዶ መሆን እንዲችል ተደርጎ። ይህን ከማስኬድ በፊት ማይግሬሽኑ ለዳታቤዙ ምን ትእዛዝ እንደሚልክ በ«ኤስኪውኤል ማይግሬት» ማየትና በዳታቤዙ ቅጂ ላይ መሞከር ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ዐሥር መስመር መጻፍን ሰነፍነት ሲያስቀር መጨረሻው ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዩኒክ ገደቡ። ጥንዱ አይደገም የሚለው ፍሬምወርኩ የሚያስበው ነገር ነው፤ ሁልጊዜ ግን እውነት አይደለም። ተማሪ 7 ኮርስ 12ን በመጀመሪያው ሴሚስተር ወስዶ ወደቀ፤ በሁለተኛው ደግሞ ወሰደው። ሠንጠረዡ እንዲህ መሆን ነበረበት፦

ተማሪ 7፣ ኮርስ 12፣ ሴሚስተር 1፣ ኤፍ
ተማሪ 7፣ ኮርስ 12፣ ሴሚስተር 2፣ ቢ

በተማሪና በኮርስ ላይ ብቻ የታሰረ ገደብ ሁለተኛውን ረድፍ አያስገባም። ሠራተኛው ኤፉን በቢ ይተካና ታሪኩ ይጠፋል። ገደቡ ሦስቱን፣ ማለትም ተማሪን፣ ኮርስንና ሴሚስተርን፣ መያዝ ነበረበት። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ሴሚስተሩ ባዶ መሆን ከተፈቀደለት ብዙ ዳታቤዞች ባዶን ከባዶ ጋር እኩል ስለማይቆጥሩ ሁለት ባዶ ሴሚስተር ያላቸው አንድ ዓይነት ረድፎች ገደቡን ሾልከው ይገባሉ። ፖስትግሬስ ከ15ኛው እትም ጀምሮ ባዶዎችን እኩል እንዲቆጥር ማዘዝ ይቻላል፤ ሴሚስተሩን የግድ ማድረግ ግን ከሁሉም ይቀላል።

ጥንዱ መደገም ሲፈቀድለት የጃንጎ አቋራጮች ባሕርያቸው ይለወጣል፤ ይህን ልብ የሚል ጥቂት ነው። «አድ» ጥንዱ ቀድሞ ካለ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ተማሪው በሁለተኛው ሴሚስተር የተመዘገበ ይመስላል እንጂ አልተመዘገበም፤ ስሕተትም አይታይም። «ሪሙቭ» (ማስወገድ) ደግሞ በተገላቢጦሽ የጥንዱን ረድፎች በሙሉ ይሰርዛል፤ የሁለተኛውን ሴሚስተር ምዝገባ ለመተው የመጣ ተማሪ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ አቋራጮቹን ትቶ የምዝገባ ረድፍን በቀጥታ መፍጠርና በቀጥታ መሰረዝ ነው የሚያዋጣው።

በ«ትሩ» የራስን ሞዴል ሲጽፉ ገደቡን ማንም አይጽፍልዎትም፤ እርስዎ ካልጻፉት የለም። የላራቬል «አታች» የሚባለው የመጨመሪያ ትእዛዝም ጥንዱ ቀድሞ መኖሩን ሳያይ ይጨምራል፤ አንድ ሰው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ቢጫን ሁለት ረድፍ ይገባል። ቀድሞ መኖሩን በኮድ ፈትሾ ማስገባት አይበቃም። ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ቢመጡ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኙና ሁለቱም ያስገባሉ። ይህን የሚያስቆመው ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ገደብ ብቻ ነው።

ኢንዴክስን (ዳታቤዙ ረድፎችን ቶሎ የሚያገኝበትን ማውጫ) በተመለከተ ጽሑፋችሁ አንድም ቃል አላነሣም። አገናኝ ሠንጠረዥ ከሁለት አቅጣጫ ይጠየቃል፤ አንዴ ይህ ተማሪ ምን ይወስዳል፣ ሌላ ጊዜ ይህን ኮርስ ማን ይወስዳል። በተማሪና በኮርስ ቅደም ተከተል የተሠራ ኢንዴክስ በስም፣ ስም ሲመሳሰል በአባት ስም እንደተደረደረ መዝገብ ነው። ስሙ የታወቀን ሰው ወዲያው ያወጣል፤ አባቱ ከበደ የሆኑትን ሁሉ አውጣ ሲባል ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማገላበጥ ነው። ስለዚህ በኮርስ የሚጀምር ሁለተኛ ኢንዴክስ ያስፈልጋል። ጃንጎ በእያንዳንዱ ፎሪን ኪይ ላይ ኢንዴክስ ስለሚያኖር በዚህ በኩል ያሳርፋል፤ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ማከማቻ ሞተር የሆነው ኢኖዲቢም እንዲሁ። ፖስትግሬስ ግን ፎሪን ኪይ ስለታወጀ ብቻ በሚያመለክተው ዓምድ ላይ ኢንዴክስ አይሠራም። አገናኝ ሠንጠረዥ የሚሠራው የሬይልስ «ክሪኤት ጆይን ቴብል»ም ካልታዘዘ አይሠራም። በጥቂት መቶ ረድፎች ልዩነቱ አይታይም፤ ረድፎቹ ሚሊዮን ሲደርሱ የአንድ ኮርስ ተማሪዎችን የሚዘረዝረው ገጽ መንፏቀቅ ይጀምራል።

ማንበቡም የራሱ ጣጣ አለው። 50 ተማሪዎችን ከየኮርሶቻቸው ጋር የሚያሳይ ገጽ ሳይታሰብበት ከተጻፈ ተማሪዎቹን ለማምጣት 1፣ የእያንዳንዱን ኮርሶች ለማምጣት 50፣ በድምሩ 51 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ይልካል። በጃንጎ የሁሉንም ኮርሶች በአንድ ጊዜ ቀድሞ የሚያመጣው «ፕሪፌች ሪሌትድ» ይህን ወደ 2 ያወርደዋል። ከኮርሱ ጋር ምዝገባውም (ውጤቱም) ከተፈለገ በምዝገባው በኩል እስከ ኮርሱ ሲጠራ 3 ይሆናል። «ሴሌክት ሪሌትድ» ለዚህ አይሠራም፤ እርሱ ፎሪን ኪይና አንድ ለአንድ ብቻ ነው የሚከተለው። ቀድሞ የመጣውን ዝርዝር እንደገና «ፊልተር» ያደረገ (ያጣራ) ሰው ደግሞ ያመጣውን ጥሎ ለእያንዳንዱ ተማሪ አዲስ ኩዌሪ እየላከ ነው። ማጣሪያው በ«ፕሪፌች» ውስጥ መግባት አለበት።

ከዚህ የከፋው ዝም ብሎ የሚሳሳተው ቁጥር ነው። አንድ ተማሪ 4 ኮርስ ይወስዳል፣ የ3 ክበባት አባል ነው እንበል። በአንድ ኩዌሪ የኮርሶቹንና የክበባቱን ብዛት ብንቆጥር ሁለቱም 12 ይሆናሉ። ሠንጠረዦቹ ሲጣመሩ እያንዳንዱ ኮርስ ከእያንዳንዱ ክበብ ጋር እየተጣመረ 4 በ3 ረድፍ ስለሚወጣ ነው። «ካውንት» (ቁጠራው) ላይ ድግግሞሽን የሚጥለው «ዲስቲንክት» ሲጨመር 4 እና 3 ይመለሳሉ። የክሬዲት ድምር ሲፈለግ ግን «ዲስቲንክት» መድኃኒት አይሆንም፤ ሁለት ኮርሶች 3፣ 3 ክሬዲት ካላቸው አንዱን ይጥለዋልና። ለድምር ለየብቻ የተጻፈ ሰብኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ የሚገባ ኩዌሪ) ነው የሚሻለው።

ማጣሪያውም ላይ ተመሳሳይ ተንኮል አለ። በሁለተኛው ሴሚስተር ኤ ያገኙትን ተማሪዎች ስንፈልግ ሁለቱን ቅድመ ሁኔታዎች በአንድ «ፊልተር» ውስጥ ብንጽፍ ጃንጎ ሁለቱንም የሚያሟላ አንድ ምዝገባ ይፈልጋል። በሁለት ተከታታይ «ፊልተር» ብንጽፋቸው ግን በሁለተኛው ሴሚስተር የተመዘገበ፣ መቼም ይሁን መቼ አንድ ኤ ያገኘ ተማሪ ሁሉ ይመጣል። ኮዱ ሲታይ አንድ ይመስላል፤ የሽልማት ዝርዝሩ ግን ሌላ ነው።

መጻፍ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ የሚያሻው «ሲንክ» የሚባለው የላራቬል ትእዛዝና የጃንጎው «ሴት» ናቸው። ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጠቀሰውን ዝምድና ይሰርዛሉ። ቅጹ የአንድን ትምህርት ክፍል ኮርሶች ብቻ እያሳየ ሙሉውን ዝርዝር «ሲንክ» ካደረገ በሌላ ክፍል የተወሰዱት ኮርሶች ሠራተኛው ሳያያቸው ይሰረዛሉ፤ ከነውጤታቸው። የጃንጎን ቅጽ በ«ኮሚት ፎልስ» (ወደ ዳታቤዙ ገና ሳይጽፍ) የሚያስቀምጥ ሰውም ተማሪውን ካስቀመጠ በኋላ የብዙ ለብዙ ዝምድናውን የሚያስቀምጠውን «ሴቭ ኤምቱኤም» መጥራት አለበት። ካልጠራ ተማሪው ይቀመጣል፣ የተመረጡት ኮርሶች አይቀመጡም፣ ስሕተትም አይታይም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገና ያልተቀመጠ ተማሪ መለያ ቁጥር የለውም፣ አገናኙ ረድፍ ደግሞ ያንን ቁጥር ይፈልጋል።

ስረዛውን በአጭሩ እንለፈው። ኮርስ ሲሰረዝ ምዝገባዎቹ አብረው ይሂዱ ወይስ ስረዛው ይከልከል የሚለውን ፍሬምወርኩ ሊወስንልን አይችልም። በራሱ የሠራው ሠንጠረዥ ላይ ጃንጎ አብሮ ይሰርዛል። ውጤት ያለበት ምዝገባ እንዲህ መጥፋት የለበትም፤ በራስ ሞዴል ላይ «ፕሮቴክት» ብሎ ስረዛውን መከልከል ይቻላል።

አንድ መስመሩ የሚበቃበት ቦታ የለም አንልም። ጽሑፎችንና መለያ ቃላትን የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ሁለቱን ቁልፎች ከያዘ ሌላ የሚጨመርበት አይመጣም፤ መቼ ተለጠፈ፣ ማን ለጠፈው ብሎ የሚጠይቅም እምብዛም የለም። እዚያ ላይ የተለየ ሞዴል መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው። አንድ ሞዴል ከራሱ ጋር ሲገናኝ ግን አንድ መስመሩ እንደገና ያሳስታል። ጃንጎ ከራስ ጋር የሚደረግ ዝምድናን ከሁለቱም ወገን እኩል አድርጎ ይቆጥራል፤ አንዱ ሌላውን ሲጨምር የተጨመረውም ጨማሪውን እንደጨመረ ይመዘገባል። ለጓደኝነት ይህ ልክ ነው። ለመከተል ግን «ሲሜትሪካል» የሚለው ቅንብር ሐሰት መደረግ አለበት፤ ያለዚያ አንድ ሰው የተከተለው ሁሉ የእርሱ ተከታይ ይሆናል።

ዓምዳችሁ ወደዚህ ርዕስ ከተመለሰ ከሞዴሉ ኮድ በፊት የሦስቱን ሠንጠረዦች ሁለት ሁለት ረድፍ ቢያሳይ፣ ከዚያም ሁለተኛውን ሴሚስተር ቢጨምርበት እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎቻችሁ፣ የዳታቤዝና የዌብ ልማት ባለሙያዎች